የቪንስ በር

ኦርላ በየማለዳው እንደምታደርገው ሁሉ ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ዶሮዎቹን ፈታች፤ ጄኔሬተሩን አስነሣች፤ ለሻይ ውሃ ጣደች። የወጥ ቤቱ ቆርቆሮ ላይ ነጫጭ በቀቀኖች ይንጫጫሉ። ፀሐይ ገና ብቅ ሳትል ሙቀቱ ሸሚዝን ከጀርባ ጋር አጣብቋል። የከብት እርባታው ባለቤት ዴል ፓስኮ በረንዳው ላይ ቦት ጫማዋን ዘቅዝቃ አራገፈች፤ ጊንጥ አለመኖሩን አይታ አጠለቀችና ገባች። እንደ ልማዷ ከጠረጴዛው ጎን ተቀመጠች። የራስጌው ወንበር ባለቤቷ ቪንስ ከሞተ ወዲህ ማንም አይቀመጥበትም፤ ከቦታውም ማንም አያነሣውም።

ሥጋ ጥብስና እንቁላል በሉ። ከብት የመሰብሰቡ ወቅት አልፎ ፈረሰኞቹ ክረምቱ ሳይገባ ወደየከተማቸው ተበትነዋል፤ በኮሬላ ከብት እርባታ የቀሩት ሁለቱ ሴቶች ብቻ ነበሩ። ኦርላም ዛሬ ሂያጅ ናት። ሻንጣዋ ታስሮ በረንዳው ላይ ቆሟል። እኩለ ቀን ላይ ፖስታ የምታመላልሰው ትንሽ አውሮፕላን ትመጣና ትወስዳታለች።

ኦርላ ከአየርላንድ፣ ከሊትሪም ገጠር ወደ አውስትራሊያ የመጣችው ወጣቶች እየሠሩ እንዲጓዙ በሚሰጠው ቪዛ ነበር። እንደ እሷ ያለው በዚህ ሰሜናዊ ምድር ብዙ ነው፤ ማንጎ ይለቅማል፣ መጠጥ ቤት ያስተናግዳል፣ የሆቴል አልጋ ያነጥፋል፣ ከዚያ ያጠራቀመውን ይዞ መንገዱን ይቀጥላል። ኦርላም ይህን ሁሉ ሠርታ በመጨረሻ ወደዚህ እርባታ መጣች። እሷና የልጅነት ጓደኛዋ ኔሳ አንድ ሐሳብ ነበራቸው፤ ከዳርዊን ወደብ በጀልባ ተነሥተው፣ ከደሴት ደሴት ተሻግረው፣ ከዚያ በአውቶቡስና በባቡር እስከ ቤታቸው ድረስ ምድሩን እያዩ መመለስ። ኔሳ ጀልባ አግኝታለች። ባለቤቱ የአውሎ ነፋሱ ወራት ሳይገባ ቅዳሜ ይነሣል፤ እሱ ካመለጠ እስከሚመጣው ዓመት ሌላ የለም።

«ሁሉንም በሥርዓቱ ነው ትቼልዎት የምሄደው፣ ሚስስ ፓስኮ» አለች ኦርላ ሻይ እየቀዳች።

«ዴል በይኝ አልኩሽ እኮ! ሚስስ ፓስኮ አማቴ ነበረች፤ እሷንም ቢሆን ማንም አይወዳትም ነበር።»

«እሺ፣ ሚስስ ፓስኮ።»

«እናንተ አየርላንዶች ስትባሉ» አለች ዴል። ግን ፈገግ ብላ ነበር።

«ገንዳዎቹን በሙሉ አጥቤያለሁ። የፓምፖቹን ዘይት ለውጫለሁ። ከትናንት በስቲያ ደግሞ ጉሮሮው ማለፊያ ጋ ያለውን የውሃ ጉድጓድ ለማየት ስሄድ በሩን ወለል ብሎ ተከፍቶ አገኘሁት። ድንጋይ አስደግፎት የሄደ ሰው አለ። ዘግቼ በሰንሰለት አሠርኩልዎት።»

የዴል ቢላዋ ሳህኑ ላይ ቆመ።

«የጉሮሮውን በር?»

«አዎ። ምነው?»

ዴል አልጮኸችም። ቢላዋውን ከሹካው ጎን አስተካክላ አስቀመጠችው። «ከበሩ ማዶ ላሞቼ ናቸው ያሉት። እዚያ ያለው ኩሬ ከደረቀ ወር አልፎታል። በዚያ በር እየወጡ ነው ጉድጓዱ ጋ መጥተው የሚጠጡት። ድንጋዩን ያስደገፍኩት እኔ ነኝ።»

ኦርላ የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቀረች። አባቷ ትዝ አላት። የጎረቤት በር እንኳ ተከፍቶ ካየ ትራክተሩን አቁሞ ይወርዳል፤ ይዘጋዋል፤ ከዚያ ቤተ ክርስቲያን እስኪደርሱ ድረስ ስለ ባለቤቱ ስንፍና ያጉረመርማል። እሷም ያን በር ስትዘጋ በልቧ ኮርታ ነበር። በዚህ አገር በር እንደተገኘ ነው የሚተወው፤ ተከፍቶ ከተገኘ ተከፍቶ፣ ተዘግቶ ከተገኘ ተዘግቶ። ይህን የሚያውቅ ሁሉ ከልጅነቱ ስለሚያውቀው ለማንም መንገር ትዝ አይለውም። ኦርላም የገበሬ ልጅ ናትና ስለ በር መጠየቅ የሚያስፈልጋት አልመሰላትም።

«በመኪና አሁኑኑ...»

«ስሚ» አለች ዴል።

ከምሥራቅ በኩል ዝቅ ያለ፣ የማያቋርጥ ድምፅ ይሰማል። ሌሊቱን ላይኛው ተራራ ላይ ነጎድጓድ ሲያጉረመርም አድሮ ነበር። እዚህ ጠብታ አልወረደም፤ ወንዙ ግን ከዚያ የወረደውን ሁሉ ተሸክሞ መጥቷል። ትናንት አሸዋ የነበረው መሻገሪያ ዛሬ መኪና አያሳልፍም።

ዴል ስልኩን አነሣች። ከብት የሚሰበስብላት ባለ ሄሊኮፕተር ደቡብ ሄዷል፤ ማዕበሉ እስኪያልፍም አይነሣም። ከወንዙ ማዶ ያለው ጎረቤት ክረምቱን ለማሳለፍ ቤቱን ዘግቶ ወደ ባህር ዳርቻ ወርዷል። ስልኩን ዘጋችና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጠመንጃ አወረደች። ከቪንስ ሞት በኋላ ሌላውን ሁሉ ሸጣ ያስቀረቻቸው እነዚያን ላሞች ብቻ ነበር። እነሱ ካለቁ ኮሬላ አለቀ።

«አንቺ አውሮፕላንሽን ጠብቂ» አለች ጀርባዋን ሰጥታ። «ሥራሽ ትናንት አብቅቷል። ደግሞ ሳልነግርሽ የቀረሁት እኔ ነኝ።»

ኦርላ በረንዳው ላይ ያለውን ሻንጣ ተመለከተች።

«ዳማውን ፈረስ ነው ቦራውን የምጭነው?» አለች።

ዴል ዞራ ለአፍታ አየቻት።

«ቦራው ውሃ ይፈራል። ዳማውን ጫኚ።»

ዴል በጉራቻዋ ከፊት፣ ኦርላ በዳማው ተከትላ፣ ስንቅና ውሃ የተጫነውን ዳለቻ ፈረስ እየጎተቱ ወጡ። ወደ ወንዙ የሚወስደው መንገድ ቀይ ኮረብቶችን እየታከከ፣ እሾሃማ ሣር በሞላበት ሜዳ ያልፋል። ሆዳቸው የተነፋ ቅጠል አልባ ዛፎች እዚህም እዚያም ቆመዋል። ሰማዩ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ እንደ በለዘ ቁስል ጠቁሯል።

ረፋዱ ላይ ነጎድጓዱ ደረሰባቸው፤ ዝናብ ግን አልነበረውም። መብረቁ ከፊት ለፊታቸው ያለውን ኮረብታ ሁለት ጊዜ መታ። ወዲያው ቀጭን ጭስ ተነሣ። ጭሱ ወፈረ። ነፋሱ ዞረና ጭሱን ወደ እነሱ ነዳው። ሣሩ ዘይት ያለው ስለሆነ እሳቱ አይጎተትም፤ ይዘላል። ካንጋሮዎች በጎናቸው እየተፈናጠሩ አለፉ። ከእሳቱ በላይ ጭልፊቶች የሚሸሸውን ለመልቀም እየተሽከረከሩ ይወርዳሉ።

ኦርላ ፈረሷን አዞረች። ዳማውም መሸሽ ብቻ ነበር የፈለገው።

«ወደዚያ አይደለም!» ጮኸች ዴል። «አትሽሺው፤ ይቀድምሻል! ወደ ጥቁሩ! ወደ ተቃጠለው!»

«በእሳቱ ውስጥ?»

«ሣሩ የሳሳበት ያውልሽ! አፍሽን ሸፍኚ፤ ልጓሙን አትያዥበት!»

ዴል ከኮዳዋ ውሃ በአንገት ልብሷ ላይ አፍስሳ ፊቷን ጠቀለለች፤ ጉራቻዋን ኮልኩላ ወደ እሳቱ ዘለቀች። ኦርላ ማሰቢያ ጊዜ አልነበራትም። በዳማው አንገት ላይ ተደፋች፤ ተረከዟን ጎኑ ላይ ሰካች። ሙቀቱ እንደ ጥፊ መታት። አንዴ ብርቱካንማ ነገር ከእርካቧ ሥር አለፈ፤ የፀጉር ሽታ ሸተታት። ከዚያ ሰኮናዎቹ አመድ ላይ ማረፍ ጀመሩ። ጥቁር ምድር፣ የሚጤስ ጉቶ፣ ከኋላ የሚርቅ ጩኸት።

ዴል ቆማ የዳለቻውን ጭነት ታጠብቅ ነበር። ሽፋሽፍቶቿ ተቃጥለዋል።

«ቅንድብሽ የለም» አለቻት።

«የእርስዎም የለም።»

«እኔን ማንም አያየኝም። ነይ፣ እንሂድ።»

ወንዙ ጋ የደረሱት ከሰዓት በኋላ ነው። ውሃው ቡናማ ሆኖ፣ ግንድ እየገለባበጠ፣ ከዳር ዳር ሞልቶ ይወርዳል። ከራሳቸው በላይ፣ ከሰሜን በኩል፣ ትንሽ ነገር አጉረመረመችና አለፈች። ኦርላ ቀና አለች። የፖስታዋ አውሮፕላን ናት፤ ከኮሬላ ተነሥታ ወደ ከተማ ስትመለስ ነው። ክንፏ ፀሐይ ላይ አንዴ ብልጭ አለና ጠፋች። ዴልም አይታታለች።

«ውሃው ሲይዝሽ ከፈረሱ ላይ ውሃው በሚሄድበት በኩል ውረጂ» አለች ዴል። «ጋማውን ብቻ ያዢ። ልጓሙን ከጎተትሽ ትገለብጪዋለሽ። ወደፊት እንጂ ወደ ጎን አትይ።»

«ወደ ጎን ምን አለ?»

«ምን ይኖራል? ውሃ ነዋ።»

ገቡ። ዳማው ጉልበቱ፣ ሆዱ፣ ከዚያ ድንገት ሁለመናው ሰመጠ፤ አፍንጫውን አሹልኮ መዋኘት ጀመረ። ኦርላ ጋማውን ጨብጣ ተንሳፈፈች። ውሃው ሞቅ ያለ፣ አሸዋና ቅጠል የተሞላ ነበር። መሃል ላይ ስትደርስ ወደ ጎን አየች። ከላይ በኩል ግንድ ይመጣል። ግንዱ ግን ከሌሎቹ ግንዶች ጋር አይሄድም ነበር። ጅረቱን አቋርጦ ይመጣል።

«ሚስስ ፓስኮ!»

«አይቼዋለሁ! ወደፊት በይ!»

ግንዱ ጠለቀ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ውሃው ባዶ ሆነ። ከኦርላ ኋላ ዳለቻው ጮኸ፤ ፈረስ እንዲህ ሲጮህ ሰምታ አታውቅም። ዞር ስትል ያየችው የተገለበጠ ሆድ፣ የሚንጠለጠል ጭነት፣ የሚዞር ሰፊ የአዞ ጀርባ ነው። ገመዱ ተወጥሮ ጉራቻዋን ወደ ኋላ ሳባት። ዴል በአንድ እጇ ጋማውን እንደያዘች በሌላው ቢላዋዋን መዝዛ ገመዱን በጠሰችው። ውሃው ተዘጋ። ኮፍያ የሚያህል አረፋ ወደ ታች ሄደ።

ማዶ ያለው ጭቃ ላይ ወጡ። ጠመንጃው፣ ስንቁ፣ የውሃ መያዣዎቹ ከዳለቻው ጋር ሄደዋል። የቀረው በየወገባቸው የታሰረ ኮዳ ነው።

«ስንት ዘመን አብሮን ኖረ» አለች ዴል ወንዙን እያየች። ከዚያ ኮዳዋን ልትሞላ ጎንበስ አለች።

መሸባቸው። ከወንዙ ርቀው አንድ ቋጥኝ ሥር ሳይበሉ ተቀመጡ።

«ያ በር» አለች ኦርላ፣ «ሳየው ደስ ብሎኝ ነበር። እንዲያ ያለ ከባድ በር በአንድ ጣት ሲሄድ አይቼ አላውቅም።»

«ቪንስ ነው የሠራው። ክረምቱን ሙሉ ሼዱ ውስጥ ሲበይድ ከረመ። ‹እኔን ከምታየኝ በላይ ያንን በር አየኸው› አልኩት። ‹አንቺ ቀጥ ብለሽ ቆመሻል፤ እሱ ገና ነው› አለኝ።» ሳቋ አጭር ነበር። «የላይኛውን ማጠፊያ ገልብጦ ነው የበየደው፤ ማንም አንሥቶ እንዳያወልቀው። እኔ ብሞት እንኳ ይኖራል እያለ...»

ኮርቻዋን ተንተርሳ ፊቷን ወደ ድንጋዩ አዞረች።

በማግስቱ ውሃቸው ቶሎ አለቀ። በዚህ በኩል ዝናብም እሳትም አልደረሰም፤ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ሰኮና ያሰናክላል። የኦርላ ምላስ አፏ ውስጥ የሌላ ሰው ዕቃ መሰላት። በዚህ ሙቀት የቆመ ከብት ምን እንደሚሆን ማሰብ አልፈለገችም፤ ግን ሌላ ነገር ማሰብም አልቻለችም። ጥጃ ያለችው ላም ቶሎ ትደክማለች፤ ወተቷ ይደርቃል፤ ጥጃው ጡቷ ደርቆ እንኳ መጥባቱን አይተውም።

ከማየታቸው በፊት ሰሙ። እምቧታ አልነበረም። ከብዙ ጉሮሮ የሚወጣ፣ ስንጥቅ ያለው፣ አንድ ረጅም ማቃሰት ነበር።

«በሕይወት አሉ» አለች ኦርላ።

«ያሉትን ነው የምትሰሚው» አለች ዴል።

ጉሮሮ የሚሉት ቀዩ ተራራ ለሁለት የተሰነጠቀበት ጠባብ ማለፊያ ነው። ግራና ቀኙ ፍየል የማይወጣው ቋጥኝ ስለሆነ አጥር የለውም፤ በመካከሉ የቪንስ በር ብቻ አለ። ከበሩ ወዲህ በነፋስ የሚዞረው ፓምፕ፣ ማጠራቀሚያውና ረጅሙ ገንዳ ናቸው።

ዛሬ ግን ሌላም ነገር ነበር። ትልቅ የከብት መጫኛ መኪና ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ቆሟል። ከበሩ እስከ መኪናው መሰላል በተንቀሳቃሽ የብረት አጥር ጠባብ መተላለፊያ ተሠርቷል። አንድ ሰው ገንዳው ዘንድ በባልዲ ውሃ ይቀዳል። ሌላው፣ ፂሙ የሸበተ ወፍራም ሰው፣ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ጥላ ሥር ተቀምጧል።

«ዱጋን» አለች ዴል በለሆሳስ። «የቪንስ የፈረሰኞች አለቃ ነበር። ቪንስ ከሞተ በኋላ ነው ያባረርኩት።»

ዱጋን ሲያያቸው ተነሣ፤ ባርኔጣውን ግን ከፍ አደረገ።

«ዴል! በዚያ ወንዝ ዋኝተሽ መጣሽ? አልተለወጥሽም።»

«በሩን ክፈት፣ ዱጋን።»

«ቀስ በይ እንጂ። ከብትሽን እኮ ያገኘሁት ተዘግቶባቸው ነው። እኔ አልዘጋሁትም። የትኛው ደደብ እንደዘጋውም አላውቅም።»

«እኔ ነኝ የዘጋሁት» አለች ኦርላ።

ዱጋን የተቃጠለ ቅንድቧን፣ ጭቃ የጠጣ ልብሷን አያት። «አይ የኔ ቆንጆ! ከየት ነሽ? ከአየርላንድ? እዚያ በር መዝጋት ብቻ ነው የሚያስተምሯችሁ?» ከልቡ ሳቀ። «አየሽ ዴል፣ ቸኩዬ አይደለም። ገና የባለቤት ምልክት ያልተተኮሰባቸውን ጥጆች በውሃ እየሳብን እንጭናለን፤ ከዚያ የበሩን ቁልፍ ወርውሬልሽ ወንዙን በማያቋርጠው መንገድ እሄዳለሁ። ለድካሜ ነው በይው።»

«እስክትጭን ድረስ ላሞቹ ያልቃሉ።»

«ያ እንግዲህ...» አለና ትከሻውን ነቀነቀ።

ኦርላ ትታቸው ወደ በሩ ሄደች። ማንም አልከለከላትም። በብረቶቹ መካከል ደረቅ አፍንጫዎች፣ የጎደጎዱ ዓይኖች፣ የተንጠለጠለ ምላስ ይታያል። ከኋላ የሚመጣው የፊተኛውን ይገፋል። ከእግራቸው ሥር ሦስት ጥጆች ተጋድመው ነበር፤ አንዱ ገና ጆሮውን ያንቀሳቅሳል። የእሷን ሰንሰለት አየችው፤ በትክክል እሷ እንዳሠረችው ነው። በላዩ የዱጋን ጓጉንቸር ተጨምሮበታል። ማጠፊያውን አየች። የላይኛው ተገልብጧል። በጉልበት የሚነሣ በር አልነበረም።

ከመኪናው ጀርባ አጥሩን የሚያሥሩበት ወፍራም ሰንሰለት ተንጠልጥሏል። ኦርላ በዝግታ፣ ከብቶቹን የምታባብል መስላ፣ ጫፉን አነሣችና በሁለቱ መካከለኛ ብረቶች ዙሪያ አዞረችው። መንጠቆውን መልሳ በመኪናው የኋላ ብረት ላይ ሰካች። ከኋላዋ የዴል ድምፅ ረጋ ብሎ ይሰማል፤ ስለ ድሮ ነገር፣ ስለ አንድ የገና ምሳ፣ ዱጋን ሰክሮ ዶሮ ቤት ውስጥ ስላደረበት ሌሊት። ዱጋን ሳይወድ ይስቃል።

ኦርላ የመኪናውን በር ከፍታ ወጣች። ቁልፉ እንደጠረጠረችው ተሰክቶ ነበር። እዚህ አገር ማንም ቁልፉን ከመኪናው አያወጣም፤ ሌባም ቢሆን። እጇን ቁልፉ ላይ አደረገች። ግን አላዞረችውም። በሩ የእሷ አይደለም። አንዴ ሳትጠይቅ ነክታዋለች።

አንገቷን በመስኮቱ አውጥታ ጮኸች።

«ዴል! በሩን ልነቅለው ነው!»

ዱጋን ዞረ። ጠመንጃውም አብሮት ዞረ። ዴል ግን እሱን አላየችውም። በሩን ነበር የምታየው፤ እያንዳንዱን ብየዳ፣ ከላይ ቪንስ በፈረስ ጫማ ብረት የበየዳቸውን ሁለት ፊደሎች፣ የእሱንና የእሷን። ላሞቹ ያቃስታሉ።

«ንቀይው» አለች።

ከዚያ ተራምዳ በጠመንጃው አፈሙዝና በመኪናው መካከል ቆመች።

«ዞር በይ ዴል! እመታታለሁ!»

«አትመታም። ከእኔ ማዕድ ስንት ዓመት በላህ፣ ዱጋን። ቪንስ ምሰሶውን ሲተክል ደግፈህ የያዝከው አንተ ነህ።»

«ቪንስ ሞቷል!»

«አውቃለሁ» አለች ዴል።

ሞተሩ ተነሣ። ኦርላ መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ ፍሪሲዮኑን ለቀቀች። መኪናው ወደፊት ዘለለ፤ ሰንሰለቱ ተወጠረ፤ ሁሉም ነገር ቆመ። ጎማዎቹ አቧራ ተፉ። በሩ አልነቃነቅ አለ። «ና፣ ና እንጂ» አለች ኦርላ፣ ለማን እንደሆነ አታውቅም። መኪናውን ወደ ኋላ መልሳ ሰንሰለቱን አላላችና ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጠች። ብረቱ እንደ ሰው ጮኸ። ከዚያ መኪናው ድንገት ቀለለና ተስፈነጠረ፤ መሰላሉና አጥሩ ከኋላዋ እየተንኳኳ ተገነጣጠለ።

ከብቱ ወጣ።

እንደ ወንዙ ነበር፤ ቀይ፣ ያለ መጨረሻ፣ ከጠባብ አፍ የሚፈስ። ባለ ባልዲው ሰውዬ ባልዲውን ጥሎ ፓምፑ ማማ ላይ ወጣ። ዴል የዱጋንን ክንድ ይዛ ወደ ቋጥኙ ጎትታዋለች፤ ሁለቱም ድንጋዩ ላይ ተለጥፈው ቀሩ፤ ጠመንጃው አቧራው ውስጥ ጠፋ። መንጋው ገንዳው ላይ ተደራረበ። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የመጠጣት ድምፅ ብቻ ሆነ።

ኦርላ ከመኪናው ወርዳ በባዶው ማለፊያ ሮጠች። ጆሮውን የሚያንቀሳቅሰውን ጥጃ ክንዷ ውስጥ አስገብታ ተሸከመችው፤ ገንዳው ጫፍ አድርሳ ጣቷን በውሃ እየነከረች አጠባችው። መጀመሪያ አልፈለገም። ከዚያ ጣቷን ነከሳት።

አቧራው ሲረግብ ዱጋን መኪናው አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ባርኔጣው የለም።

«ለፖሊስ ትነግሪያለሽ?»

«እነግራለሁ» አለች ዴል። ጠመንጃውን ከአፈሩ አንሥታ በእጅጌዋ ጠረገችው። «ይኼ ለጊዜው እኔ ጋ ይቆያል፤ ሥራ አለኝ። ሂድ።»

ሄዱ። ዴል ወደ ማለፊያው ማዶ ተራመደች። መነሣት ያልቻሉት እዚያ ናቸው።

«እኔም ልምጣ» አለች ኦርላ።

«ግድ የለም። ከጥጃው ጋር ቆይ።»

«ልምጣ፣ ዴል። የኔ ሥራ ነው።»

ዴል ትንሽ አሰበች። «ነይ» አለች።

ጠመንጃው ደጋግሞ ጮኸ፤ ከዚያ ተመለሱ። በሩ ከምሰሶው ርቆ ተጣሞ ወድቋል፤ የላይኛው ማጠፊያ ከነሥሩ ተገንጥሏል። ዴል አጠገቡ ጎንበስ አለች፤ በመዳፏ ብየዳዎቹን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ጊዜ ዳሰሰቻቸው። ከዚያ ቀና ብላ ፈረሶቹ ውሃ እንዲጠጡ ልጓማቸው ይፈታላቸው አለች።

ወንዙ ጎድሎ ቤት ሲደርሱ ቅዳሜ አልፏል። ኔሳ ቀደም ብላ ከዳርዊን ደውላ መልእክት ትታ ነበር፤ ኦርላ መልሳ ስትደውል ከጀልባው ላይ፣ ነፋስ በሞላው ድምፅ አነሣችው።

«ምን ነካሽ አንቺ? ሦስት ጊዜ ደወልኩ! እንድመለስ ትፈልጊያለሽ? በመጀመሪያው ደሴት እወርዳለሁ፤ እምላለሁ።»

«ሂጂ። የኔንም ድርሻ አይተሽ ትነግሪኛለሽ።»

«ታለቅሻለሽ እንዴ?»

«ቅንድቤ ተቃጥሎ ነው» አለች ኦርላ፤ ኔሳም ምንም ሳይገባት ሳቀች።

ክረምቱ ገባ። ኦርላ ኮሬላ ቆየች። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ወጥ ቤቱ ውስጥ ሁለቱ ካርታ ይጫወታሉ፤ ዴል ታጭበረብራለች፤ ኦርላ ታያታለች። ጣቷን የነከሳት ጥጃ በረንዳው ሥር ያድራል። ውሃው ሲጎድል፣ ሣሩ ከፈረስ ደረት በላይ ሲሆን፣ ኦርላ ለመንገዷ ተሰናዳች። ብቻዋን ትሄዳለች፤ በየት በኩል እንደምትጀምር አታውቅም፤ እሱም አላስጨነቃትም።

ከመሄዷ በፊት አንድ ማለዳ ወደ ጉሮሮው ጋለቡ። በመንገዱ ላይ በር በደረሱ ቁጥር ኦርላ ከፈረሷ ሳትወርድ ቆም ትላለች፤ በሩን፣ ከማዶውን፣ መሬቱ ላይ ያለውን ኮቴ ታያለች፤ ከዚያ ነው የምትወርደው። ዴል ከኋላ ሆና ታያታለች።

ላሞቹ በማለፊያው እየወጡ እየገቡ ይግጡ ነበር። በአረንጓዴው መካከል የወደቀው ብረት ዝጓል፤ ሣር በፊደሎቹ ውስጥ አልፎ በቅሏል።

«ሼዱ ውስጥ ብረት አለ» አለች ኦርላ። «አባቴ ብየዳ አስተምሮኛል። ከመሄዴ በፊት ሌላ ልሠራልሽ እችላለሁ።»

ዴል ባርኔጣዋን ወደ ዓይኗ ዝቅ አደረገች።

«ተዪው» አለች።

ሁለቱ ምሰሶዎች እንደተተከሉ ቀጥ ብለው ቆመዋል። በመካከላቸው አሁን በር የለም።